መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት ቀን



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፦ 194,313። ከሥሩ በግዕዝ አኃዝ ደግሜዋለሁ፦ ፲፱፼፵፫፻፲፫። የግዕዙን ስታነቡት ዐሥራ ዘጠኝ እልፍ፣ አርባ ሦስት መቶ፣ ዐሥራ ሦስት ትላላችሁ። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ቁጥሩን ከኋላ ጀምሮ ሁለት ሁለት ቤት እየቆረጠ በመቶና በእልፍ ያስረዋል። 19፣ 43፣ 13 በሦስት ጥንድ የተቀመጡት ለዚህ ነው።

ትልቅ ቁጥር ነው ስላችሁ፣ ትልቅነቱ የሚለካው በሚቆጠረው ነገር መሆኑን አትርሱ። እዚህ በእንሳሮ ወረዳችን የቆመው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል እንዲያመርት ተደርጎ የተሠራ ነው። በሙሉ አቅሙ ከሠራ 194,313 ኩንታል ለማውጣት አንድ ቀን ከሰባት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። እኔ ግን የምቆጥረው ቀን ነው። 194,313 ቀን 532 ዓመት ይሆናል፤ ምንም ሽራፊ የለውም፣ አንድ ቀን አይተርፍም፣ አንድ ቀን አይጎድልም። ይህን 532 ዓመት የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቈጠራ፣ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ልጅ ሳለሁ የነፍስ አባታችን እቤታችን በመጡ ቁጥር እናቴ የምትጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበራት፦ “አባ፣ ዘንድሮ ጾሙ መቼ ይገባል?” እሳቸውም ወረቀት አይፈልጉም ነበር። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ግራ እጃቸውን ያወጡና አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ያስኬዱታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይሰማም። አንድ ቦታ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ይቆማል፣ ከዚያ ቀኑን ይናገራሉ። እኔ ያኔ ትንቢት ይመስለኝ ነበር። ሒሳብ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ፣ ተምሬ፣ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው።

እስቲ እናንተም እጃችሁን ዘርጉ። አውራ ጣት ሁለት አንጓ አለው፣ አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት፤ በአንድ እጅ 14 አንጓ ይሆናል። በሁለቱ እጅ 28። አሁን አንዱን እጅ ሰብስቡና በቀረው እጅ ላይ አምስቱን ጥፍር ጨምሩ፤ 19 ይመጣል። 28 የፀሐይ ዑደት ነው፤ ሊቃውንቱ ዐውደ ፀሐይ ይሉታል። 19 የጨረቃ ነው፤ ዐውደ አበቅቴ ይባላል። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ እ.ኤ.አ. በ725 በጻፈው የዘመን ቈጠራ መጽሐፉ ይህንኑ የእጅ አንጓ ቈጠራ ገልጾታል። ባሕር ማዶ ያለ መነኩሴና ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ ቄስ በአንድ ዓይነት እጅ አንድ ዓይነት ቁጥር ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ሥሩን የሚያገኙት ከእስክንድርያ ነው። በእኛ ዘንድ የባሕረ ሐሳብ ባለቤት ሆኖ የሚጠራው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው።

28 ከየት መጣ? ከሰባቱ የሳምንት ቀናትና ዓመቶቹ በየተራ ከሚሰየሙባቸው ከአራቱ ወንጌላውያን ነው። ዓመት 365 ቀን ነው፤ 365ን ለ7 ብታካፍሉ 52 ሳምንት ይወጣና 1 ይቀራል። ስለዚህ መስከረም 1 በየዓመቱ በአንድ ቀን ይገፋል። በ2018 ሐሙስ ውሏል፣ በ2019 ዓርብ ይውላል። ጳጉሜን 6 ስትሆን፣ ማለትም ከዘመነ ሉቃስ በኋላ፣ በሁለት ቀን ይዘላል። ወንጌላውያኑ አራት፣ የሳምንቱ ቀናት ሰባት ናቸው፤ አራት ጊዜ ሰባት 28 ይሆናል። እያንዳንዱ ወንጌላዊ ከእያንዳንዱ የሳምንት ቀን ጋር በ28 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛል።

19 ደግሞ ከጨረቃ የተገኘ ነው። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፤ ከ365 በ11 ያንሳል። ይህ 11 አበቅቴ ነው። እዚህ ያላችሁ ሙስሊም ወንድሞቼና እኅቶቼ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ ያው 11 ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወር ይገባል፤ ከዚያ ጨረቃ በዓመቱ ውስጥ ወደነበረችበት ቀን ትመለሳለች።

እንግዲህ ፀሐይና ሳምንቱ በ28 ዓመት ይመለሳሉ፣ ጨረቃ በ19 ዓመት ትመለሳለች። ሁሉም በአንድነት የሚመለሱት መቼ ነው? ስድስተኛ ክፍል የተማራችሁት ትንሹ የጋራ ብዜት እዚህ ይመጣል። 28 ማለት 2×2×7 ነው። 19 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። ሁለቱ ምንም የሚጋሩት ስለሌለ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ሙሉ ብዜታቸው ነው፦ 532። የጨረቃ ዑደት 21 ዓመት ቢሆን ኖሮስ? 21 ከ28 ጋር 7ን ይጋራል። ያኔ ሁሉም በ84 ዓመት ይመለስ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ በዕድሜው ሙሉውን ቀመር ያየው ነበር። 19 ብቸኛ በመሆኑ ግን ቀመሩ ከሰው ዕድሜ በላይ፣ ከብዙ ትውልድ በላይ ረዘመ። የአንድ ቁጥር ጠባይ በዓልን ከትውልድ ትውልድ ሲያሻግር በዓይናችሁ አያችሁት።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር እንመለስ። የባሕረ ሐሳብ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው ብለን እንያዝ። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው። 532 ዓመት ደግሞ 133 ጊዜ አራት ዓመት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው 133×1,461 ነው። ይህን በስልክ አንሥራው፤ በውጭ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያን ማባዣ በሚባለው መንገድ እንሥራው። የጥንት ግብፆችም በማጠፍ ያባዙ ነበር። በግራ 133ን እየገመስን እንወርዳለን፣ ግማሽ ሽራፊ ሲመጣ እንጥለዋለን። በቀኝ 1,461ን እያጠፍን እንወርዳለን።

በግራ፦ 133፣ 66፣ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1።
በቀኝ፦ 1,461፣ 2,922፣ 5,844፣ 11,688፣ 23,376፣ 46,752፣ 93,504፣ 187,008።

አሁን በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለበትን ብቻ ያዙ፦ 133፣ 33 እና 1። በቀኝ ትይዩአቸው ያሉትን ደምሩ፤ 1,461 እና 5,844 እና 187,008። ድምሩ 194,313 ነው። ማጠፍ፣ መግመስና መደመር የሚችል ሰው የማባዣ ሰንጠረዥ ሳያጠና ይህን ሠራ። ለምን ይሠራል? 133 ማለት 128 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር እንዲህ በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት፣ በዐሥራ ስድስት እየታጠፈ ይገነባል። የእጃችሁ ስልክ ውስጥ ያለው ማስያም ቁጥርን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው።

ቁጥሩን አሁን እንፍታው። ለ3 ይካፈላል፤ አኃዞቹን ስትደምሩ 1 እና 9 እና 4 እና 3 እና 1 እና 3 ተደምረው 21 ይሆናሉ፣ 21 ለ3 ይካፈላል። ከዚያ ለ7 ይካፈላል፣ ከዚያ ለ19። የሚቀረው 487 ብቸኛ ቁጥር ነው። እንግዲህ 194,313 ማለት 3×7×19×487 ነው። ሁሉም በየስሙ ይታወቃል። 3ና 487 የፀሐይ ናቸው፤ ተባዝተው 1,461ን፣ የአራት ዓመቱን ቀን ይሰጣሉ። 7 የሳምንቱ ነው። 19 የጨረቃዋ ነው። 4 የት ሄደ? 4ማ ሩቦቹን ቀን ሙሉ ለማድረግ ተሠውቶ ጠፋ። 7ን ደግሞ ልብ በሉት፦ 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል፤ ስለዚህ ሰባቱ ከፀሐይ ሊመጣ አይችልም፣ በዓመቱ ቁጥር ውስጥ መግባት ነበረበት። ሊቃውንቱ 7ን በ28 ውስጥ ያኖሩት ለዚህ ነው።

ከነዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በባሕረ ሐሳብ ከ532 የሚያንስ ሌላ ዑደት አለ፤ 76 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም። 4×19 ነው። በ76 ዓመት ስንት ቀን አለ? 19×1,461፣ ይኸውም 27,759 ቀን። አሁን 194,313 ቀንን ለ7 አካፍሉና በ532 ዓመት ውስጥ ስንት ሳምንት እንዳለ ተመልከቱ። 27,759 ሳምንት። አንዱ የቀን ቁጥር፣ ሌላው የሳምንት ቁጥር፣ ቁጥሩ ግን አንድ። 532 ሰባት ጊዜ 76 ስለሆነ እንጂ ድንገት የተገጣጠመ አይደለም። በእያንዳንዱ 76 ዓመት ሳምንቱ በ4 ቀን ይገፋል፤ ሰባት ጊዜ ሲገፋ 28 ቀን ሞልቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ቀሪ የሚባለው ነው። ሊቃውንቱ “ሲገደፍ” ይላሉ፤ ሙሉው ተጥሎ ትርፉ ሲያዝ ማለት ነው። 2018ን እንሥራ። 5500 ስትጨምሩበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ መደቡ ነው። ከመደቡ አንዱ ለዘመን ይተዋል፤ 12 ወንበር ይሆናል። 12ን በ11 አባዙ፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12፣ ይህ አበቅቴ ነው። 12ን በ19 አባዙ፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፣ ይህ መጥቅዕ ነው። 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይመጣሉ፤ አንዱን ስታገኙ ሌላውን ታርሙበታላችሁ። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ውሏል፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመርለት ቁጥር፣ 7 ነው። 18ና 7፣ 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 25ና 9፣ 34፤ በ30 ሲገደፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4። የነፍስ አባታችን አውራ ጣት የሚሄድበት መንገድ ይህ ነበር።

ተማሪዎች፣ ይህ ቀሪ የመያዝ ሥራ በዓለም ሒሳብ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ጀርመናዊው ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1800 ፋሲካን የሚያወጣ ስሌት አሳተመ፤ በ1801 ደግሞ የቀሪን ሒሳብ በሥርዓት ያቆመውን ታላቅ መጽሐፉን አወጣ። ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ቻይናዊው ሱን ዙ በ3፣ በ5ና በ7 የተገደፈ ቁጥር ቀሪዎቹ ቢነገሩን ቁጥሩን እንዴት እንደምናገኘው ጠይቆ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ይህንኑ ያውቁታል፤ ዕለት ዕለት ይሠሩበታል። አንድ አሮጌ ብራና አገኛችሁ እንበል። ዓመቱ አልተጻፈበትም፤ ግን በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ሐሙስ በዋለበት፣ ወንበር 12 በሆነበት ዓመት ተጻፈ ይላል። ማርቆስና ሐሙስ አንድ ላይ የሚገናኙት በ28ቱ ውስጥ በ14ኛው ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በቀመሩ ውስጥ 14ኛ፣ ወይም 28 ጨምራችሁ 42ኛ፣ ወይም 70ኛ፣ እያለ ይቀጥላል። ወንበር 12 ማለት መደብ 13 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 13 የሚቀረው የትኛው ነው? 14 አይደለም። 42 አይደለም፣ 4 ይቀረዋል። 70 ነው። በ532ቱ ዓመታት ውስጥ ይህን ሦስት ምልክት የያዘ ሌላ ዓመት የለም። 28 ጊዜ 19፣ 532 የተለያየ መታወቂያ አለ፤ እያንዳንዱ ዓመት የየራሱን ይዟል።

ያ 70ኛ ዓመት 2018 ራሱ ወይም ከ532 ዓመት በፊት የነበረው 1486 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። የብራናው ፊደል ያረጀ ከሆነ 1486 ነው፤ አፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን። በዚያ ዓመትም ፋሲካ ሚያዝያ 4 ውሏል። በ2550ም ሚያዝያ 4 ይውላል።

ስለዚህ ጥበብ ሲነገር ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከሸንኮራ የተገኙትን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ማንሣት ይገባኛል። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲመረምሩ ቆይተው በ1993 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብን የሚያስረዳ መጽሐፍ በአማርኛ አሳትመዋል። ኦስትሪያዊው የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ኦቶ ኖይገባወርም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። ከሁለቱም በፊት ፈረንሳዊው ስካሊገር እ.ኤ.አ. በ1583 ሦስት ዑደቶችን አባዝቶ 28×19×15፣ 7,980 ዓመት የሆነ ታላቅ ዘመን አቆመ። የሰማይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ቀን የሚቆጥሩት በሱ ነው። 7,980 ማለት ዐሥራ አምስት ጊዜ 532 ነው። ልብ በሉ፤ በእኛ አቈጣጠር አሁን ያለነው በ15ኛው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው፤ 14 ጊዜ 532፣ 7448፣ በ1948 ዓ.ም. ተፈጸመ። 15ኛው ሲፈጸም ዓመተ ዓለም 7980 ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ እንከን አለው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ፀሐይ ዓመቷን የምትፈጽመው 365 ቀን ከሩብ ሳይሞላ፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር ነው። ይህ በ532 ዓመት ውስጥ ተጠራቅሞ አራት ቀን ያህል ይሆናል። ጨረቃም በአንድ ዐቢይ ቀመር አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ገደማ ታፈነግጣለች። የሰማዩ ዑደት ሽራፊ አለው፣ የእኛ ቁጥር ግን ሙሉ ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ሙሉ ቁጥር የጸኑት ለዘመናት በዓሉ በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲከበር ስላስቻላቸው ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥርባቸውም። በአንጓና በቃል ተይዞ ብዙ ትውልድ የሚሻገር ስሌት መሥራት ከባድ ነው፤ እነሱ ሠርተውታል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ትንሹን የጋራ ብዜት ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ነበር፤ ስለማናውቃቸው ባቡሮችና መብራቶች። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ በደብሩ ግቢ፣ መሪጌታው ያንኑ ሒሳብ በቃላቸው ሲሠሩት ማንም አላገናኘንም። እኛ ሒሳብ ይከብደናል አልን፤ የቆሎ ተማሪው ደግሞ ሒሳብ አላውቅም አለ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። መምህራን፣ እለምናችኋለሁ፤ በሚቀጥለው መንፈቅ ስለ ቀሪና ስለ ብዜት ስታስተምሩ አንድ ቀን የደብሩን መሪጌታ ወደ ክፍላችሁ ጥሩ። አባቶች፣ እናንተም ቢጠሯችሁ ሂዱ፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ለልጆቹ አንጓውን አሳዩአቸው።

ከመካከላችሁ በ1949 ዓ.ም. የተወለዳችሁ አባትና እናት ካላችሁ የ15ኛው ዐቢይ ቀመር እኩያ ናችሁ። ቀመሩ የገባው መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ነው። ከዚያ ቀን አንሥቶ 2018 እስኪብት 25,202 ቀን አለፈ፤ ከ194,313ቱ የቀረው 169,111 ነው። የመጨረሻው ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 2480 ዓ.ም. ይሆናል፤ በማግስቱ መስከረም 1 ደግሞ ማክሰኞ ይውላል።

ተማሪዎች፣ የቤት ሥራ ሰጥቻችኋለሁ። ዛሬ ማታ የ2019ን ፋሲካ አውጡ። ዓመተ ዓለም 7519 ነው፤ መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕን ከመስከረም ሳይሆን ከጥቅምት ፈልጉት፣ ቅዳሜ ይውላል፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። ነነዌውም በየካቲት ይገባል። ፋሲካው ሚያዝያ 24 ካልወጣላችሁ ወንበሩን እንደገና ቁጠሩ።